ወላጅ ከሀገር ቤት ለምታመጡ፦ እኔና እማዬ ስላይጎ ክሪክ ዳር ስንመላለስ ያየነው

ይሄን የምጽፈው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ዊተን አካባቢ ለምትኖሩና እናት ወይ አባት ለማምጣት ለምታስቡ ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ብታነቡት አይከፋም ምክንያቱም እዚህ ሀገር ብዙ ሰፈር ውስጥ እንዲህ አይነት ጅረት ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፣ በመኪና ስለምናልፈው ግን አናየውም።

ሁለተኛውን ልጄን የወለድኩ ጊዜ እማዬ ልታርሰኝ መጣች። የስድስት ወር ነው የሰጧት። የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር፣ ገንፎው አለ፣ ህጻኑን ማጠብ አለ፣ ጠያቂው አለ፣ ቡናው አለ። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ግን ሰው ቀረ፣ ሁሉም ስራው ላይ ነው፣ ባሌም ማታ ይሰራና ቀን ይተኛል። እኛ ያለነው 9ኛ ፎቅ ነው። እማዬ ጠዋት ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ መስኮቱ ጋ ወንበር ስባ ትቀመጥና ወደታች ታያለች። አንድ ቀን ምን አለችኝ፣ "ልጄ፣ እዚህ ሀገር ሰው የለም እንዴ?" ከላይ ሆና የምታየው መኪና ብቻ ነዋ። ሌላ ቀን ደግሞ ቀስ ብላ "መመለሻዬ መቼ ነው ያልሽኝ" አለች፣ ቀኑን እያወቀችው። ምግብ ቀነሰች፣ እንቅልፍ አጣች፣ ጉልበቴን አለች። እኔም አራስ ነኝ፣ ተኝቼ ስነሳ መስኮቱ ጋ ሳያት ሆዴ ይባባል።

እዛ ቤት አራት አመት ኖሬያለሁ። ስላይጎ ክሪክ የሚባለው ጅረት ከቤታችን በእግር 10 ደቂቃ ነው። አራቱንም አመት በመኪና ድልድዩ ላይ ሳልፍ ዛፍ መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ጁን መጀመሪያ ላይ ሀኪሜ ትንሽ ትንሽ መራመድ ጀምሪ ስትለኝ ህጻኑን በጋሪ፣ ትልቁን በእጄ ይዤ፣ እማዬን ለምኜ ወረድን። ለምኜ ያልኩት "የት ነው የምንሄደው፣ ማን ጋ ነው" ስላለች ነው። ዝም ብሎ መራመድ የሚባል ነገር ለሷ ትርጉም አልሰጣትም፣ ሰው የሚሄደው ወይ ቤተክርስቲያን ወይ ገበያ ወይ ለቅሶ ነው። "ወንዝ ላሳይሽ" ስላት ነው እሺ ያለችው።

መንገዱን ለማታውቁት፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 10 ማይል ገደማ ነው፣ ወደ 16 ኪሎሜትር። ከላይ ዊተን ሪጅናል ፓርክ አካባቢ ይጀምርና ጅረቱን እየተከተለ በዩኒቨርሲቲ ቦሌቫርድ፣ በፎረስት ግሌን፣ ከ495 ሀይዌይ ድልድይ ስር አልፎ፣ ኮልስቪል ሮድን፣ ዌይን አቬኑን፣ ፓይኒ ብራንችን፣ ታኮማ ፓርክን፣ ኒው ሀምፕሻየርን እየተሻገረ ሃያትስቪል ይደርሳል። ሁሉንም መሄድ አይጠበቅባችሁም፣ የትም መግባት የትም መውጣት ይቻላል። አስፋልት ነው፣ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ለጋሪም ለጉልበትም ይመቻል። ነጻ ነው፣ ማንም ምንም አይጠይቃችሁም። ጎን ለጎን የሚሄደው የመኪና መንገድ፣ ስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ፣ ሳምንት መጨረሻ ላይ በከፊል ለመኪና ይዘጋል። እሁድ ስንሄድ መንገዱ ሙሉ በእግረኛ፣ ሳይክል በሚለማመዱ ህጻናትና በሽማግሌዎች ተሞልቶ ሲያዩት ደስ ይላል። ዌይን አቬኑ ጋ የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ስላለ አንዳንዴ ማዞሪያ ይደረጋል፣ ምልክቱን ተከተሉ።

የመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሄድነው፣ እሱም ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ገጠመን። ከኋላችን ሳይክል እየመጣ ሰውየው "ኦን ዩር ሌፍት!" ብሎ ጮኸ። እማዬ እንግሊዝኛ ትንሽ ትሰማለች፣ ሌፍት ግራ መሆኑን ስለምታውቅ ወደ ግራ ዘወር አለች፣ በቀጥታ ሳይክሉ ፊት! ሰውየው ፍሬን ይዞ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እባካችሁ ወላጅ ይዛችሁ ስትወጡ ከሁሉ በፊት ይቺን አስተምሩ፦ "ኦን ዩር ሌፍት" ማለት በግራሽ በኩል እያለፍኩ ነው ማለት ነው፣ አንቺ ቀኝሽን ይዘሽ ባለሽበት ቀጥዪ፣ አትዙሪ፣ አትሩጪ። እኛ በኋላ ቤት ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ተለማመድነው፣ ትልቁ ልጄ ሳይክል ይሆናል፣ እሷ ቀኟን ትይዛለች። በሳምንቱ ለመደችው፣ ቆይቶ እንዲያውም ሳይክል ሲያልፍ እጇን ከፍ አድርጋ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ጀመረች።

እማዬ ጊንጪ አካባቢ ነው ያደገችው፣ አዋሽ የሚነሳበት ማለት ነው። ስለዚህ ውሃ ታውቃለች። ገና በሁለተኛው ወይ ሶስተኛው ቀን ድልድይ ላይ ቆማ የዛፎቹን ቅርንጫፍ በጣቷ አሳየችኝ፣ ከራሳችን በላይ ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሳርና ፌስታል ተንጠልጥሏል። "እዚህ ደራሽ ይወርዳል" አለች። እኔ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳን አይደርስም፣ ምን ደራሽ አልኳት። "እንግዲህ እዛ ላይ ሳሩን ማን ሰቀለው?" አለችኝ። ልክ ነበረች። ጁላይ ላይ ከሰአት በኋላ የሚመጣውን ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ቀን ከዝናቡ በኋላ ብንወጣ ያ ትንሽ ጅረት ቡና መስሎ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል፣ ከድልድዩ ስር የሚያልፈው የእግር መንገድ ውሃ ውስጥ ገብቷል። በደረቅ ቀን ያየው ሰው ያው ጅረት ነው ብሎ አያምንም።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። አካባቢው ሁሉ ጣሪያና አስፋልትና ፓርኪንግ ነው፣ ዝናቡ መሬት ውስጥ የሚሰርግበት ስለሌለው ባንዴ ጅረቱ ላይ ይወርድበታል። ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎ ይጎድላል። ስለዚህ ሰማዩ ካጉረመረመ ከዛ ሸለቆ ውጡ፣ ከዝናብ በኋላም ውሃ የተኛበትን መንገድ በተለይ ጋሪ ይዛችሁ አትሻገሩ፣ ጥልቀቱ አይታወቅም። ሌላም ነገር አለ፣ መንገድ ዳር ያሉት የዝናብ ውሃ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ወደ ማጣሪያ አይደለም የሚሄዱት፣ ቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ነው። ይሄን ስሰማ አዘንኩ፣ ምክንያቱም ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት ውጪ የሚደፋ ሰው አውቃለሁ፣ መኪናውንም መንገድ ላይ የሚያጥብ አለ። ዘይቱን ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። ያ ጅረት ድሮ አሳው ሊያልቅ ደርሶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ላይኛው በኩል የጎርፉን ውሃ የሚያረጋጋ ገንዳ ሰርተው፣ ዳርና ዳሩን ጠግነው፣ የአካባቢውን አሳ ከሌላ ቦታ እያመጡ መልሰው አስገቡበት። አሁን ድልድይ ላይ ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ ትናንሽ አሶች ታያላችሁ። እግሯ ረዥም፣ ግራጫ፣ ሽመላ የመሰለች ትልቅ ወፍ መጥታ ትጠብቃቸዋለች፣ ትልቁ ልጄ ለሷ ሲል ነው የሚነሳው።

ግን ውሃው ውስጥ አትግቡ። እማዬ እግሯን መታጠብ አምሯት ነበር፣ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ነው የያዝኳት። ጥርት ብሎ ቢታይም የውሻ ቆሻሻውም፣ አንዳንዴም ከድሮ የፍሳሽ ቱቦ የሚወጣው ይቀላቀልበታል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ህጻናት እጃቸውን ካስገቡ ምግብ ከመንካታቸው በፊት በሳሙና አስታጥቧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሳሩ ውስጥ ስላሉት ነገሮች። ይሄ ላይ በደንብ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ ምክንያቱም ሁለቱም ደርሰውብናል።

አንደኛው ፖይዝን አይቪ የሚባል ቅጠል ነው። እኛ የምናውቀው ሳማን ነው፣ ሳማ ሲነካህ እዛው ታውቀዋለህ፣ ይለበልብሃል፣ ትጮሃለህ፣ አለቀ። ይሄኛው እንደዛ አይደለም። ስትነካው ምንም አይልም። ትልቁ ልጄ ኳሱ ከመንገድ ወጥታ ቅጠል ውስጥ ገባችና ገብቶ አመጣት፣ ምንም አላለም፣ ቤት ገባን። በሁለተኛው ቀን እጁና አንገቱ ቀላ፣ በሶስተኛው ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ አደረ። እማዬ "ሳማ ቢሆን ያን ጊዜውኑ ያለቅስ ነበር፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው" አለች፣ ዶክተሩም ሲያየው ወዲያው ነው ያወቀው። ቅጠሉ በአይን የማይታይ ዘይት አለው፣ ቆዳ ላይ ሲቀር ነው ቀስ ብሎ የሚያስቆጣው። መለያው ባንድ ግንድ ላይ ሶስት ሶስት ሆኖ ይወጣል፣ የመሃለኛዋ ቅጠል አንገቷ ከሁለቱ ይረዝማል። መሬት ላይም ይበቅላል፣ ዛፍ ላይም እንደ ገመድ ይወጣል፣ ዛፍ ላይ የወጣው ሀረግ ጸጉር ያለው ይመስላል፣ እሱንም አትንኩት፣ በብርዱ ወራት ቅጠል ባይኖረውም ያው ነው። ነካሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ቶሎ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠቡ፣ የእቃ ማጠቢያ ሳሙናም ይሆናል። ልብሱን እጠቡ፣ ጫማውንና የጋሪውን ጎማ ጥረጉ፣ ዘይቱ እቃ ላይ ስለሚቆይ ከዛ ይዛመታል። ፊት ላይ ወይ አይን አካባቢ ከወጣ ወይ እብጠቱ ካየለ ሀኪም ጋ ሂዱ።

ሁለተኛው መዥገር ነው። እማዬ መዥገር ስላት "ላም የት አለና?" አለች። ላም የለም፣ አጋዘን ግን አለ፣ እዛ ሸለቆ ውስጥ አጋዘኖቹ ሰው አይፈሩም፣ ቆመው ነው የሚያዩህ። እኛ የምናውቀው የከብት መዥገር ጠጥቶ ያበጠውን ነው፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክለውን። እዚህ ሀገር "ላይም" (Lyme) የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ግን ገና ታዳጊዋ የጤፍ ፍሬ ብትሆን ነው፣ ጥቁር ነጥብ ወይ ቆሻሻ መስላ ትታለፋለች። ሜሪላንድ ደግሞ በሽታው በብዛት ካለባቸው ስቴቶች አንዷ ናት። ከሜይ እስከ ጁላይ ነው በጣም የምትበዛው።

እማዬ ሱሪ አትለብስም፣ አልጨቀጨቅኳትም። ቀሚሷ ሳሩን እየጠረገ ነው የሚሄደው፣ አንድ ቀን ማታ እግሯን ላሽላት ስል ከጉልበቷ ጀርባ አገኘኋት። በጣም ነው የደነገጥኩት። እማዬ ቅባት ቀቢው፣ በክብሪት ለብልቢው አለችኝ፣ እንዳታደርጉት! ቫዝሊንም እሳትም አልኮልም አይደረግባትም። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ አድርጋችሁ ጭንቅላቷ ጋ ትይዙና ሳታጣምሙ ቀስ እያላችሁ ቀጥታ ወደላይ ትስባላችሁ። ከዛ ቦታውን በሳሙና ወይ በአልኮል ማጠብ ነው። ቀኑን ጻፉት። አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ለማስተላለፍ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት፣ ለዛ ነው የዛኑ ዕለት ማታ መፈተሽ ይሄን ያህል የሚጠቅመው። ቆይታለች ብላችሁ ካሰባችሁ ዶክተር ደውሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድሀኒት ሊያዝ ይችላል። ከዛ እስከ አንድ ወር ድረስ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ነገር ወይ ትኩሳት ወይ የመገጣጠሚያ ህመም ከመጣ መዥገር ነክሶኝ ነበር ብላችሁ ተናገሩ። እማዬን እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልነካትም።

ከዛ በኋላ መፍትሄ አበጀን። ከቀሚሷ ስር ነጣ ያለ ታይት፣ ከታይቱ በላይ ነጭ ረዥም ካልሲ። ነጭ የሆነው መዥገሯ ስትወጣ እንድትታይ ነው። የአስፋልቱን መሃል ትይዛለች፣ ሳር ላይ አንቀመጥም፣ አግዳሚ ወንበር አለ። ቤት ስንገባ ልብሱ ውሃ ሳይነካው 10 ደቂቃ ድራየር ውስጥ፣ ሰው ደግሞ ሻወር፣ ከዛ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የህጻናት ጸጉር ውስጥ ይታያል። ጸጉሯ ውስጥ ስፈልግላት እንደ ልጅነቴ ቦታ ተቀያየርን፣ ድሮ እሷ ነበረች ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትሰራኝ የምትፈትሸኝ።

ውሻ ለሚፈሩ ወላጆች፣ በህግ ውሻ መታሰር አለበት። ፈታ አድርጎ የሚይዝ ከመጣ ሳትሳቀቁ "ፕሊዝ ሆልድ ዩር ዶግ" በሉ፣ ይይዛል፣ ብዙዎቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እማዬ ይቺን አረፍተ ነገር ሸምድዳ ነበር።

ሙቀቱን አትናቁ። ከአዲስ አበባ ከፍታ መጥቶ ጁላይና ኦገስት ላይ በዚህ ወበቅ መሄድ ይከብዳል፣ የግፊት መድሀኒት ለሚወስድ ደግሞ የበለጠ። እኛ በሀገራችን አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተን ከ3 ሰዓት በፊት ቤት ነን። ውሃ ያዙ፣ ሽንት ቤት እንደልብ ስለማይገኝ ቤት ጨርሳችሁ ውጡ። ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ እማዬ በመጣችበት ሸራ ጫማ ሁለት ሳምንት ሄዳ ተረከዟን አሟት ነበር፣ ስኒከር ስገዛላት ጉልበቴን የሚለው ነገር ቀነሰ።

ብቻዋን መሄድ ከመጀመሯ በፊት ወረቀት ላይ ስሟን፣ አድራሻችንን፣ ስልኬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ኪሷ ውስጥ አደረግኩ። ስልኳ ላይ ሎኬሽን ሼር አደረግኩ። ዋናው ግን የድልድዮቹን ስም ማስተማር ነበር፣ እዛ ውስጥ ዛፉ ሁሉ አንድ ነው፣ "የት ነሽ" ስትሏት "ዛፍ ጋ" ብትል አይጠቅምም። ዌይን ጋ ነኝ፣ ኮልስቪል ጋ ነኝ ካለች አለቀ።

አዎ፣ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። እንዲህ ሆነ። ጁላይ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ከሩቅ ነጠላ የለበሱ እናት ሲመጡ አየን። እማዬ ቆመች። እሳቸውም ቆሙ። "እንደምን አደሩ" አለቻቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አደሩ፣ የየት ሀገር ሰው ነዎት?" ከዛ በኋላ እኔ የለሁም፣ ሁለቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እኔ ጋሪውን እየገፋሁ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። እማማ ከደብረ ብርሃን ናቸው፣ ልጃቸው ጋ ሁለት አመታቸው፣ በየቀኑ ይወጣሉ፣ እሳቸው የሚያውቋቸው ደግሞ ሌሎች ሶስት እናቶችና አንድ አባት አሉ። ሁሉም ከየአፓርታማው እየወረደ እዛ ጅረት ዳር ነው የሚገናኘው። ያን ቀን ማታ እማዬ እራቷን ጨርሳ በላች። ማን ምን እንዳለ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ ስታወራልኝ አመሸች።

ስለዚህ ወላጃችሁን የመጀመሪያ ቀን ይዛችሁ ወጥታችሁ ሰው ካላገኛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሰዓት ቀይሩ፣ ሌላ ድልድይ ጋ ሞክሩ። እኛ ሰባት ሳምንት ገደማ ሄደን ነው ያገኘነው።

ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ደግሞ ጸሀይ የሚያገኝበት ረግረግ ያለ ቦታ ላይ ቢጫ አበባ ወጥቶ አየች። "አደይ አበባ!" ብላ ጮኸች። እኔ አይደለም አልኳት፣ እዚህ ከየት ይመጣል። ቤት ገብቼ ሳጣራ ለካ ዘመዳሞች ናቸው፣ አደይ አበባም ይሄም ቢደንስ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው፣ ይሄኛው እዚህ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ የሚያብብ የሀገሩ አበባ ነው። ከፓርክ መቁረጥ አይፈቀድም፣ እሷም አልቆረጠችም፣ አጠገቡ ቆማ ፎቶ አነሳኋት፣ ከነነጭ ካልሲዋ፣ ለእህቶቼ ላክንላቸው።

አንድ ጊዜ "ይሄ ውሃ መጨረሻው የት ነው?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሃያትስቪል ላይ ኖርዝዌስት ብራንች ከሚባለው ጋ ይገናኛል፣ ከዛ አናኮስቲያ፣ ከዛ ፖቶማክ፣ ከዛ ቼሳፒክ ቤይ፣ ከዛ ውቅያኖስ አልኳት። ቆም ብላ አሰበችና "አዋሽ ባህር ሳይደርስ አፋር ላይ ነው የሚቀረው፣ ይሄ ትንሹ ደረሰ" አለች።

ኦክቶበር ላይ ተመለሰች። እማማ እስካሁን ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለሷ ነው። እማዬም ስትደውል ከልጆቹ ቀጥላ ውሃውን ትጠይቃለች፣ ሞላ ወይ፣ ጎደለ ወይ፣ ወፏ አለች ወይ። ቅዳሜ ጠዋት ስወርድ በቪዲዮ እደውልላታለሁ። ዝናብ ካደረ ታች አልወርድም፣ ድልድዩ ላይ ሆኜ ነው የማሳያት።